ከእናት ወደ ማኅፀን ልጅ የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማና ሕክምናው

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ፣ ለኅትመት እንዲስማማ የተስተካከለ)

 

ለዛሬው ርዕሳችን መነሻ የሆነን ከአንዲት እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ስሟንም ከተማዋንም እንዳንጠቅስ አደራ ብላናለችና አንጠቅስም። የእህታችን የመጀመሪያ ልጅ ጭንቅላቱ ውኃ ቋጥሮ ተወለደ። ሰባት ወር ኖሮ ወደ አኼራ ሄደ። አሁን ሁለተኛ ልጇን አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ለእርግዝና ክትትል በሄደችበት ቦታ ደሟ ተመርምሮ «ቶክሶ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ተሰጣት። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ የነገራት ሰው የለም።

ወረቀቱ ቤት ሲደርስ የሆነውን ባጭሩ እንንገራችሁ። አማቷ «የልጅ ልጄን የገደለችው ያቺ ድመት ናት» አሉ። ባል ድመቷን በከረጢት ከትቶ ወንዝ ማዶ ጥሏት ተመለሰ። አንዲት ጎረቤት «ክኒኑ ይታወቃል» ብላ ከመድኃኒት ቤት አንድ ብልቃጥ ክኒን አስገዛቻት። የባሏ እህት ደግሞ ነገሩ የሰው ዐይን ነው ብላ ሩቅያ ወደሚያደርጉ ሰው ልትወስዳት ቀጠሮ ይዛለች። እህታችን እንደምትለው ከሁሉም በላይ ያመማት የባሏ ዝምታ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ልጁ አንስቶ አያውቅም።

ጥያቄዋ ሦስት ነው። ልጄን ለሞት ያበቃሁት እኔ ነኝ ወይ? የተገዛልኝን ክኒን ልዋጥ ወይ? ረመዳን እየቀረበ ነውና መጾም እችላለሁ ወይ? መልሱን ከራሳችን አላፈለቅንም፤ የማኅፀንና የሕፃናት ሐኪሞችን አማክረናል። ይሁንና ሐኪም ሳያይ በሬዲዮ የሚታከም በሽተኛ የለምና የምንናገረው እውቀት ነው እንጂ የመድኃኒት ማዘዣ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። ቶክሶፕላዝማ በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እንደ ወስፋት ወይም እንደ ኮሶ አንጀት ውስጥ የሚቀመጥ ትል አይደለም። ስለዚህ በሰገራ ምርመራ አይገኝም፤ የትል መድኃኒትም አይነካውም። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ቱኒስ ከተማ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ሲሆን፣ ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ የተባሉ ሐኪሞች ጉንዲ በምትባል የሰሜን አፍሪካ የአይጥ ዘመድ ውስጥ አገኙት። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥም በጥንቸል ተገኝቷል። ቅርጹ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ስለሆነ ስሙን ደጋን ከሚለው የግሪክ ቃል አወጡለት። ከእናት ወደ ማኅፀን ልጅ እንደሚተላለፍ የተረጋገጠው ግን ከ30 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የኒው ዮርክ ሐኪሞች በተወለደች በአንድ ወር ገደማ በሞተች ሕፃን አንጎልና ዓይን ውስጥ ተሕዋሱን አገኙት። ድመት በዚህ ውስጥ ያላት ድርሻ በቅጡ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ነው። እንግዲህ ሐኪሞቹ ራሳቸው ስልሳ ዓመት የፈጀባቸውን ነገር አማታችን በአንድ ቀን ባይለዩት አይፈረድባቸውም።

በአገራችን ይህ ተሕዋስ እንግዳ አይደለም። በጅማ ከተማ 201 ነፍሰ ጡር እናቶች ተመርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ከመቶው 83.6 የሚሆኑት ከዚህ በፊት ተሕዋሱ ይዟቸው ያውቃል። በኢትዮጵያ የተደረጉ የተለያዩ ጥናቶች በአንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሰሉም ቁጥሩ ከመቶ 75 ገደማ ሆኗል። ይህ ማለት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ አራት ሰዎች ሦስቱ ተሕዋሱን በሰውነታቸው ተሸክመው ይኖራሉ ማለት ነው፤ እኛ አዘጋጆቹም ሳንቀር። አብዛኛው ሰው መቼ እንደያዘው አያውቅም። ቢበዛ ጥቂት ቀን ትኩሳትና ድካም፣ አንገት ሥር ያበጠ እጢ ነው፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ይከላከለውና ተሕዋሱ በጡንቻና በአንጎል ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል።

ታዲያ የሚያስፈራው የቱ ነው? ለማኅፀን ልጅ የሚያሰጋው በመሠረቱ እናት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ነው። ያን ጊዜ ደሟ ገና መከላከያውን አላዘጋጀም፤ ተሕዋሱ በደም ተጉዞ እንግዴ ልጁ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። ከእርግዝና በፊት የተያዘች እናት ግን መከላከያዋን ይዛ ስላረገዘች ልጇ በአላህ ፈቃድ የተጠበቀ ነው። ከዚህ የሚለዩት በሽታ የመከላከል አቅማቸው በጣም የተዳከመ እናቶች ናቸው። ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ውስጥ ኖሮ ሕክምና ያልጀመረች እናት የቆየው ተሕዋስ ሊነሳባት ስለሚችል ጉዳዩዋን ለሐኪሟ ሳትደብቅ መንገር ይኖርባታል።

እንግዲህ «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም እንደማይነግረን ተመልከቱ። የደም ምርመራው የሚፈልገው ተሕዋሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራበትን መከላከያ፣ ማለትም አንቲቦዲውን ነው። ይህም ሁለት ዓይነት ነው፤ አይ.ጂ.ጂ. እና አይ.ጂ.ኤም. ይባላሉ። አይ.ጂ.ጂ. አንዴ ከመጣ ዕድሜ ልክ ይኖራል። አይ.ጂ.ኤም. ደግሞ በአዲስ መያዝ ጊዜ ቀድሞ ይመጣና ውሎ አድሮ ይጠፋል። አይ.ጂ.ጂ. ኖሮ አይ.ጂ.ኤም. ከሌለ፣ በተለይ ምርመራው በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት ከተደረገ፣ ነገሩ የቆየ ነውና ሕክምናም ጭንቀትም አያሻውም። ሁለቱም ከሌሉ እናት ተይዛ አታውቅም፤ መጠንቀቅ ያለባት እንዲያውም እሷ ናት። ሁለቱም ካሉ ግን ነገሩ ማጣራት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አይ.ጂ.ኤም. በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ለወራት፣ አልፎም ከዓመት በላይ ይቆያል። አንዳንዴም መመርመሪያው ራሱ ይሳሳታል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ብቻ «አዲስ ነው» ብሎ መደምደም አይገባም። ሐኪሞች ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይተው ደሙን እንደገና ይመረምራሉ። በተሻለ ላቦራቶሪ ደግሞ አቪዲቲ የሚባል ምርመራ አለ። አንቲቦዲው ተሕዋሱን የሚይዝበት ኃይል ከጊዜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ኃይሉ ከፍተኛ ከሆነ እናት ከተያዘች ቢያንስ አራት ወር አልፏታል ማለት ነው። በሦስተኛ ወሯ ላይ ያለች እናት ይህን ውጤት ካገኘች ከማርገዟ በፊት እንደተያዘች ይታወቃል፤ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልጋት እፎይ ብላ ቤቷ ትገባለች።

በየመንደሩ የምንሰማው ሌላ ነገርም አለ። አንዲት ሴት ሦስትና አራት ጊዜ ፅንስ ሲጨናገፍባት «ቶክሶ ነው» ይባልና በየእርግዝናው ክኒን ትውጣለች። እውነቱ ግን ተሕዋሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በያዘበት እርግዝና ጉዳት ሊያደርስ ቢችልም መከላከያው ከተገነባ በኋላ ደጋግሞ ፅንስ እያስወረደ አይኖርም። ለተደጋገመው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ቶክሶን ስታሳድድ ዋናው በሽታ ሳይታይ የሚቀርባት እህት ብዙ ናት። በዚህ ሰበብ የፈረሰ ትዳርም አለና ነገሩ ቀላል አይደለም።

ወደ ድመቷ እንምጣ። ድመት በዚህ ተሕዋስ የምትያዘው አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ነው። በአብዛኛው በግልገልነቷ አንድ ጊዜ ትያዝና ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህል በዓይነ ምድሯ የተሕዋሱን እንቁላል መሰል ነገር ትጥላለች። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው አትጥልም። የጣለችውም ወዲያው አይተላለፍም፤ እስኪበስል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይወስድበታል። ከበሰለ በኋላ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ድመቷን መንካት፣ አብራችሁ ቤት ውስጥ መኖሯ፣ ጭናችሁ ላይ መተኛቷ አይደለም በሽታ የሚያመጣው፤ የሰነበተ ዓይነ ምድሯ በእጅ፣ በአትክልት ወይም በውኃ በኩል ወደ አፍ ሲገባ ነው። የኛ አገር ድመት ደግሞ እንደ ፈረንጅ ድመት በሣጥን አትጸዳዳም፤ ጓሮ አፈር ቆፍራ ትቀብራለች። እንግዲህ የጎረቤት ድመት እናንተ ጓሮ ውስጥ ልትቀብር ትችላለች። ድመት የሌለው ቤትም ቢሆን አፈር አለው።

ሙስሊም ቤተሰቦች በድመት ጉዳይ የሚያነሱትን አንድ ጥያቄ እናውቃለን። ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ የጠጣችበት ውኃም ለውዱእ እንደሚሆን አቡ ቀታዳ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተላለፉት ሐዲስ በሱነን መጻሕፍት ተዘግቧል፤ እሳቸውም ለድመት ዕቃውን ዘንበል አድርገው ያጠጧት ነበር። ታዲያ ሐኪሞች የሚሉት ከዚህ ጋር አይጋጭም ወይ? አይጋጭም። ሐዲሱ የሚናገረው ስለ ድመቷና ስለ ጠጣችበት ውኃ ነው፤ በሽታውም ከአፏ አይደለም የሚመጣው። ዓይነ ምድሯ ነጃሳ መሆኑን ደግሞ ዑለማዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያስተምራሉ። ነፍሰ ጡር እናት ይህን ማጽዳት ለሌላ ሰው ትተው፤ በየቀኑ ይጠረግ፤ ጓሮ ስትቆፍርም ጓንት ታድርግ ወይም እጇን በሳሙና አጥርታ ትታጠብ። ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለች ሴት የተነገረውን የሚያውቅ ቤተሰብ ድመት በከረጢት ከትቶ ወንዝ ማዶ መጣሉ ግን አሳዝኖናል።

በአገራችን ከድመቷ ይልቅ ብዙ ልንነጋገርበት የሚገባው ሥጋ ነው። ተሕዋሱ በበግ፣ በፍየልና በሌሎችም እንስሳት ጡንቻ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል፤ በበሬ ሥጋ ከነዚህ ያነሰ ቢሆንም የለም አይባልም። የዒድ አል-አድሓ ዕለት በየቤታችን የሚሆነውን አስቡት። ኡድሒያው ታርዶ ገና ሳይቀዘቅዝ ጉበቱ፣ ጨጓራው ተከትፎ ዱለቱ ይሠራል። በጉራጌና በስልጤ አካባቢ ዓረፋ ያለ ክትፎ አይታሰብም። ነፍሰ ጡሯ ምራት ክትፎውን ስታሽ ቅቤና ሚጥሚጣው መመጣጠኑን በጣቷ ትቀምሳለች። እሷ «ጥሬ ሥጋ በልተሻል?» ተብላ ብትጠየቅ «የለም» ትላለች፤ መቅመስ መብላት አይመስላትማ!

ሚጥሚጣና አዋዜ ተሕዋሱን አይገድሉትም። ለብለብ የተደረገ ክትፎም ሆነ ዱለት እንደ ጥሬው ነው። ሥጋው መሐሉ ድረስ 67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከደረሰ ተሕዋሱ ይሞታል፤ ቴርሞሜትር ለሌለው ቤት ደግሞ ሥጋው ውስጡ ቀይ መልክ ሳይኖረው፣ ፈሳሹም ሳይቀላ መብሰሉ ምልክቱ ነው። በቤት ማቀዝቀዣ በደንብ ድርቅ ብሎ ለጥቂት ቀናት የቆየ ሥጋም አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ቋንጣ አድርጎ ማድረቅ ግን አስተማማኝ አይደለም፤ ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ይበላ። ሥጋ የተከተፈበት ጣውላና ቢላዋ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበት። ያልፈላ የፍየል ወተትም እንዲሁ መፍላት አለበት። ሰላጣና ቃሪያ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠብ። ወንዶችም ስሙ፤ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ «ለፅንሱ ጉልበት ይሆነዋል» ብሎ ቁርጥ የሚያጎርስ ባል ደግ ነገር የሠራ ይመስለዋል።

ፈረንሳይ ውስጥ እርጉዝ ሴቶች ገና ካልተያዙ በየወሩ እንዲመረመሩ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ 54 የሚሆኑት እርጉዞች ቀድመው ተይዘው የነበሩ ሲሆን በ2016 ቁጥሩ ወደ 31 ወርዷል። በኛ አገር ሁሉንም በየወሩ መመርመር አልተለመደም።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። በመጀመሪያ አንድ ነገር እንረዳ፤ እናት በእርግዝና ወቅት ተያዘች ማለት ልጁ ተያዘ ማለት አይደለም። በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በእርግዝናቸው የተያዙ 603 እናቶች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። በ13ኛው ሳምንት የተያዙ እናቶች ከመቶው በስድስቱ ብቻ ወደ ልጁ ተላልፏል። በ26ኛው ሳምንት ከመቶ ወደ 40፣ በ36ኛው ሳምንት ወደ 72 ደርሷል። ጉዳቱ ግን በተቃራኒው ነው። ቀድመው ከተያዙት ጥቂት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምልክት ሲያሳዩ፣ መጨረሻ ላይ ከተያዙት ብዙ ልጆች ምልክት ያሳዩት ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ናቸው። መጀመሪያ ላይ መተላለፉ አነስተኛ፣ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ መጨረሻ ላይ መተላለፉ ብዙ፣ ጉዳቱ ቀለል ያለ ነው። ከባድ የሚባለው አንጎል ውስጥ ውኃ መቋጠር፣ የዓይን ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ፣ አልፎም የፅንስ ሞት ነው።

አዲስ መያዟ የተረጋገጠ እናት እርግዝናዋ ገና ከሆነ ስፓይራማይሲን የሚባል መድኃኒት ይሰጣታል። የተለመደው መጠን በየስምንት ሰዓቱ አንድ ግራም፣ በቀን ሦስት ግራም ነው። ይህ መድኃኒት እንግዴ ልጁ ውስጥ ይከማችና ተሕዋሱ ወደ ልጁ እንዳይሻገር በር ላይ ይጠብቃል፤ አልፎ የተያዘ ልጅን ለማከም ግን በቂ አይደለም። ለዚህም ነው ከ18ኛው ሳምንት በኋላ፣ እናት ከተያዘችም ቢያንስ አራት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ በቀጭን መርፌ ከሽርት ውኃው ተቀድቶ ልጁ መያዝ አለመያዙ የሚመረመረው። ይህ በሌለበት ቦታ በየወሩ በአልትራሳውንድ የልጁን ጭንቅላት መከታተል ይቻላል።

ልጁ መያዙ ከታወቀ መድኃኒቱ ይቀየራል። ፓይሪሜታሚንና ሰልፋዲያዚን በአንድነት ይሰጣሉ፤ እነዚህ ወደ ልጁ ያልፋሉ። ፓይሪሜታሚን ስሙ እንግዳ ቢመስልም ከጥንቱ የወባ መድኃኒት ከፋንሲዳር ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ ፋንሲዳር በአገራችን እ.ኤ.አ. እስከ 2004 ዋናው የወባ መድኃኒት ሆኖ አገልግሏልና ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሚሠራው ተሕዋሱ የሚያስፈልገውን የፎሌት ቫይታሚን አሠራር በመግታት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፎሌት ለፅንሱም አካል መሠራት የግድ ስለሚያስፈልግ ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሰጥም። ከዚያ በኋላም የደም ሕዋሳትን እንዳይቀንስ ፎሊኒክ አሲድ የሚባል አብሮ ይሰጣል፤ ደምም ቶሎ ቶሎ ይመረመራል። ፎሊኒክ አሲድ በክትትል ጊዜ ከሚሰጠው ፎሊክ አሲድ የተለየ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሰልፋ የማይስማማው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ ከሚከሰተው ነገር አንዱ ቆዳን የሚልጥ አደገኛ ምላሽ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት መግዛት የማይገባው ለዚህ ሁሉ ነው።

መድኃኒቱ ምን ያህል ይረዳል? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የብዙ አገሮች ጥናቶች በአንድ ላይ ሲገመገሙ፣ እናት በተያዘች በሦስት ሳምንት ውስጥ ሕክምና ስትጀምር መተላለፉ ቀንሶ ቢታይም ማስረጃው ደካማ ነው ተብሏል። በፈረንሳይ 143 እናቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ሁለቱን ሕክምናዎች አነጻጽሯል። በፓይሪሜታሚንና ሰልፋዲያዚን ከመቶ 18.5፣ በስፓይራማይሲን ከመቶ 30 ተላልፏል። ልዩነቱ ግን የሴቶቹ ቁጥር ከማነሱ የተነሳ እርግጠኛ የሚያሰኝ አልሆነም። ቶሎ መጀመር እንደሚሻል ግን ሐኪሞች ይስማማሉ፤ መድኃኒቱ ልክ እንደተያዙ እንጂ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ያለፈውን አይመልስም።

ወረቀቱን አይቶ ወዲያው «ይውረድ» የሚል ቤተሰብም አይጠፋም። የእናት መያዝ የልጁ መያዝ እንዳልሆነ አይተናል። የተያዘ ልጅም ሁሉ የተጎዳ አይደለም። ይህን ዓይነት ውሳኔ ሐኪም ሳያረጋግጥና ዑለማ ሳይጠየቅ መወሰን ከባድ ነገር ነው፤ በተለይ 120 ቀን ካለፈ በኋላ ዑለማዎች ምን ያህል እንደሚያጠብቁት የታወቀ ነው።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ሥራው አያልቅም። ከተያዙ ሕፃናት አብዛኞቹ ሲወለዱ ሙሉ ጤነኛ ይመስላሉ፤ የዓይናቸው ጉዳት ግን ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ተብሎ ክትትሉ አይቋረጥ። መያዙ የተረጋገጠ ሕፃን እነዚያኑ ሦስት መድኃኒቶች በክብደቱ ልክ ለአንድ ዓመት ያህል ይወስዳል። ለአንድ ሕፃን አንድ ዓመት ሙሉ ክኒን እየሰበሩ፣ እየለኩ መስጠት ምን ያህል እንደሚያደክም እናቶች ያውቁታል። በቺካጎ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እንዲህ የታከሙ ልጆች ለብዙ ዓመታት ተከታትለው፣ ሲወለዱ ከባድ ጉዳት ያልነበረባቸው አብዛኞቹ በአእምሮ እድገታቸው ከሌሎች ልጆች ሳያንሱ አድገዋል። ከባድ ጉዳት ከነበረባቸው መካከልም ድሮ ካልታከሙት በእጅጉ የተሻሉ ብዙ ናቸው። አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ልጅም በቀዶ ሕክምና ውኃው መውረጃ ሊሠራለት ይችላልና ቶሎ ይወሰድ። ጡት ማጥባት በሽታውን አያስተላልፍም፤ አትከልክሉ።

ስለ ረመዳን እንመልስ። ለነፍሰ ጡር ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሕክምና ላይ ላለች ደግሞ ምክንያቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። በየስምንት ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው 16 ሰዓት ይፈልጋል። በአገራችን ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አይበቃም። ሰልፋዲያዚን ደግሞ ውኃ በብዛት ካልተጠጣበት ኩላሊት ውስጥ እንደ አሸዋ ሊረጋ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ጉዳት አለው። ሕክምና ላይ የሌለች ጤነኛ ነፍሰ ጡር ግን ቶክሶ «ፖዘቲቭ» ስለተባለች ብቻ አትፈታም፤ ነገሯ እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር ነው። ቀዷ ብቻ ነው ወይስ ፊድያም አለበት በሚለው ላይ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

እህታችን፣ አንቺን በተመለከተ የምንልሽ ይህ ነው። ወረቀትሽን ይዘሽ ወደ ሐኪም ተመለሺና «አይ.ጂ.ጂ. ነው ወይስ አይ.ጂ.ኤም.?» ብለሽ ጠይቂ። አይ.ጂ.ኤም. ካለ እንዲደገምልሽ፣ ካስፈለገም አቪዲቲ ወደሚሠራበት እንዲልኩሽ ጠይቂ። ሳይጣራ ያንን ብልቃጥ አትክፈቺው፤ ምን እንደሆነም ለሐኪሙ አሳዪው። ሩቅያው ሕክምናን አይከለክልም፤ ሕክምናውም ሩቅያን አይከለክልም፤ ግን አንዱ የሌላውን ቀጠሮ አያስቀር። የመጀመሪያ ልጅሽ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። አንጎል ውስጥ ውኃ የሚቋጠርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከአፈጣጠር፣ ከፎሌት እጥረት ጋር ከሚመጣ የጀርባ አጥንት ክፍተት፣ ከሌላም ሕመም ሊመጣ ይችላል። ቶክሶ ሆኖ ከነበረም ከዚያ ወዲህ መከላከያሽን ይዘሻልና ለአሁኑ ልጅሽ ጥበቃ ነው። በምንም በኩል ቢሆን የሠራሽው ጥፋት የለም። እንዲህ ያለው ተሕዋስ በአገሩ ሰው ሁሉ ደም ውስጥ እያለ አንቺን ለይቶ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ይህን ክፍል ለባለቤትሽ አንብቢለት፤ ከቻለም ወደ ሐኪሙ አብሮሽ ይምጣ፤ የልጁ ሐዘን የእሱም ነውና።

አማታችንም ይህን ካነበቡ፤ ድመቷ ወንዙን ተሻግራ ከመጣች በሩን አይዝጉባት። ዓይነ ምድሯን ግን ምራትዎ ሳይሆን እርስዎ ወይም ልጅዎ ያጽዱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።